የጳጉሜን ልጆች
የጤና መረጃን ወደ አንድ ሥርዓት የማምጣት ታሪክ፣ ከአርሲ ደጋ ሲታይ

የመጽሔቱ አዘጋጆች «አንተም አንድ ነገር ጻፍ» ሲሉኝ ስለ ዶርሙ፣ ስለ ካፌው ሽሮና ስለ አሰላ ብርድ ሌሎቻችሁ እንደምትጽፉ ስለማውቅ ያንን ለእናንተ ትቼዋለሁ። እኔ የምጽፈው ስለ ቅጽ ነው። አዎ፣ ስለ ሪፖርት ቅጽ! አትሳቁ። ግቢያችን ገና የአዳማ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ በነበረበት ጊዜ ገብተን፣ ጤና መኮንን፣ ነርስ፣ አዋላጅ ሆነን ከወጣን ወዲህ፣ ብዙዎቻችን ከበሽተኛ ጋር ካሳለፍነው ጊዜ የማያንስ ከቅጽ ጋር አሳልፈናል። ያ ቅጽ ከየት መጣ? ማን አሰበው? ለምን እንዲህ ሆነ? ብለን የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን። እኔም የጠየቅሁት ከተሳሳትኩ በኋላ ነው። ስህተቴን ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ታሪኩ።

ካዱ የተወልን ትምህርት

አሰላ ለእቅድና ለቆጠራ እንግዳ አይደለችም። በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሁላችንም በአጭሩ ካዱ የምንለው፣ በ1960 ዓ.ም. እዚሁ ሥራ ሲጀምር ከማዳበሪያውና ከምርጥ ዘሩ ጎን ለጎን የሚያጠናና የሚገመግም ክፍል ነበረው። የገበሬው ማሳ ስንት ኩንታል ሰጠ፣ ወተቱ ስንት ተሸጠ፣ ማን ብድር ወሰደ፣ ማን መለሰ፤ ይህ ሁሉ ይለካል፣ ይጻፋል። የኩሉምሳ ምርምር ማዕከልም የዚያው ዘመን ልጅ ነው።

ከካዱ ሁለት ትምህርት ቀርቶልናል። የመጀመሪያው የመጠን ነው። ለአንድ አውራጃ የፈሰሰውን ገንዘብና ባለሙያ ለአገር ሁሉ ማዳረስ እንደማይቻል ስለታወቀ፣ መንግሥት ከጥቂት ዓመታት በኋላ «ሚኒመም ፓኬጅ» የተባለውን ፕሮግራም አወጣ። ከካዱ ሥራ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ መርጦ በብዙ ቦታ ለማስፋፋት ማለት ነው። በአገር ደረጃ አንድ ወጥ ሊሆን የሚችለው ነገር ትንሽና ቀላል መሆን አለበት። ሁለተኛው ትምህርት መራራ ነው። ምርቱ ሲያድግ አንዳንድ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ከመሬቱ ማፈናቀል ጀመሩ። የኩንታሉ ቁጥር ወደ ላይ ወጣ፤ ጭሰኛው ግን ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም፤ ሙሉውን አልተናገረም እንጂ። እነዚህን ሁለቱን ያዙልኝ፤ ወደ ጤናው ስንሄድ ያስፈልጉናል።

ሁሉም የየራሱ መዝገብ

በጤናው በኩል መቁጠር ምን ያህል ነገር እንደሚለውጥ ያሳየን ፈንጣጣ ነው። የማጥፋት ዘመቻው በአገራችን በጥር 1963 ዓ.ም. ተጀመረ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከመላ አገሪቱ ሪፖርት የተደረገው በሽተኛ ከአንድ ሺህ ያነሰ ነበር፤ በዘመቻው የመጀመሪያ ዓመት ግን ከ26 ሺህ በላይ ሆነ። ፈንጣጣው በአንድ ዓመት ይህን ያህል ተባዝቶ አይደለም፤ ቤት ለቤት፣ ቀዬ ለቀዬ እየዞረ የሚፈልገው ሰው ስለመጣ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ፣ በነሐሴ 1968 ዓ.ም.፣ የአገሪቱ የመጨረሻ በሽተኛ ከአርሲ በሚዋሰነው በያኔው ባሌ ክፍለ ሀገር ቆላ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘ።

እንዲህ ያለ ስኬት ግን መዘዝ ነበረው። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ሠራተኛ፣ የራሱን መኪና፣ የራሱን መዝገብ ይዞ መምጣት ልማድ ሆነ። ወባ ለብቻው፣ ቲቢና ሥጋ ደዌ ለብቻቸው፣ ክትባት ለብቻው፣ የቤተሰብ ምጣኔ ለብቻው፣ በኋላም ኤችአይቪ ለብቻው። አንዱ ቅጽ ዕድሜን «ከ5 ዓመት በታች» ብሎ ይከፍላል፣ ሌላው «ከ1 ዓመት በታች» ይላል። አንዱ በወር፣ ሌላው በሩብ ዓመት ይጠይቃል። ጤና ጣቢያ ላይ ያለችው ነርስ ግን አንዲት ናት። ቀን በሽተኛ ታያለች፣ ማታ ደግሞ ያንኑ በሽተኛ በየመልኩ እየገለበጠች ትጽፋለች። ከላይ ያለው አለቃ ሦስት ሪፖርት ያያል፤ ሦስቱም አይገናኙም። ታዲያ የትኛውን ይመን?

ሦስት ቃላት

በ2000 ዓ.ም. ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ይህን ሊቆርጥ ተነሣ። ጊዜው «ቢፒአር» የተባለው የአሠራር ለውጥ መሥሪያ ቤቱን ሁሉ ያተራመሰበት ጊዜ ነው፤ ታስታውሱታላችሁ። አዲሱ የጤና አስተዳደር መረጃ ሥርዓት፣ በአፋችን «ኤችኤምአይኤስ»፣ በሦስት ቃላት ላይ ቆመ፦ አንድ ወጥ ማድረግ፣ ማቀናጀት፣ ማቅለል። የየፕሮግራሙ ኃላፊዎች «የእኔ ቁጥር ከሌለ አይሆንም» የሚሉትን ሁሉ ይዞ ከመቀጠል ይልቅ፣ ለአገር 108 አመላካቾች ተመረጡ። መዝገቡ፣ የታሊ ወረቀቱ፣ የሪፖርት ቅጹ ከሞያሌ እስከ ሁመራ አንድ ዓይነት እንዲሆን ተወሰነ። ለዚሁ ሥራ የሚሠለጥን «የጤና መረጃ ቴክኒሻን» የሚባል ሙያም ተፈጠረ።

ካዱን አስታወሳችሁ? ያው የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ትንሽና ቀላል ካልሆነ አይዳረስም።

ከታች ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ጤና ኬላ ገብተዋል፤ ለአምስት ሺህ ሕዝብ ሁለት ሁለት ሆነው። ለእነሱ የቤተሰብ ማህደር መጣላቸው። እያንዳንዱ አባወራ አንድ ማህደር አለው፤ ውስጡ የእናት፣ የልጅ፣ የክትባት፣ የመጸዳጃ ቤት ካርድ ይቀመጣል። በእኔ እምነት ከሥርዓቱ ሁሉ ጎበዙ ክፍል ይኼ ነው። መረጃው ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ ሰው፣ ስለ ቤት ነበርና።

ሌላም አንድ ትንሽ የምትመስል ውሳኔ ነበረች፦ የሪፖርት ወር ከወሩ 21 ይጀምርና በሚቀጥለው ወር 20 ያበቃል። ይህ የሆነው ጤና ኬላው ለጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያው ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን እያለ ሪፖርቱ በጊዜው እንዲደርስ ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ነገር ናት። እኔን ግን የጣለችኝ እሷ ናት።

ስህተቴ

ከተመረቅሁ በኋላ በአንድ የደጋ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ስሙን አልጠራም፤ ከአሰላ ወደ በቆጂ የሚወስደውን አስፋልት ትቶ ወደ ውስጥ የሚገባ መንገድ ላይ ነው ማለት ይበቃል። ጤና መኮንንነቱ እንዳለ ሆኖ «አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ» ተብዬ የሪፖርት ፎካል ሆንኩ። በሥራችን አምስት ጤና ኬላዎች ነበሩ።

የመስከረም 2007 ሪፖርት ሲመጣ የአንዷ ኬላ የክትባት ቁጥር ከነሐሴው በግልጽ ከፍ ብሎ አገኘሁት። ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፤ እንዴት ሊጨምር ይችላል? «ደርባ ቆጥራ ነው» አልኩ። ከአሰላ ሳልወጣ የተማርኩትን የመረጃ ጥራት ትምህርት የተጠቀምኩ መስሎኝ፣ እርሳሴን አንሥቼ ቁጥሩን ወደ ነሐሴው አስጠጋሁት። አልደወልኩላት። መዝገቧን ላምጣ አላልኩም። ግራፉ ቀጥ ብሎ አማረ፣ እኔም ደስ አለኝ።

የሚቀጥለውን ወር የክትባት ጥያቄ የሞላሁትም እኔው ነኝ፤ የተመሠረተውም በዚያው በቀነስኩት ቁጥር ላይ ነው። ጥቅምት ላይ በዚያች ቀበሌ በክትባት ቀን ክትባቱ አለቀ። ልጅ አዝለው ከላይ ከተራራው ሥር የወረዱ እናቶች እንዲሁ ተመለሱ።

በወሩ መጨረሻ ግምገማ ላይ የኬላዋ ባለሙያ መጣች። በዚያ ቀበሌ ከእኔ የሥራ ዕድሜ በጣም የበለጠ ጊዜ የቆየች ሴት ናት። ወንዝ ሲሞላ የክትባት መያዣውን በፈረስ አሻግራ የምትሄድ። አማርኛዋ ውስጥ ኦሮምኛው ጣል ጣል ይላል፤ ጤና መኮንንንም እንደ አገሩ ወግ «ዶክተር» ትለዋለች።

«ዶክተሬ፣ የጳጉሜን ልጆቼን የት አደረስካቸው?» አለችኝ።

አልገባኝም። መዝገቧን ዘርግታ በጣቷ አሳየችኝ። የመስከረም ሪፖርት ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ነው። የነሐሴ 10 ቀን፣ የጳጉሜን 5 ቀን፣ የመስከረም 20 ቀን፤ በድምሩ 35 ቀን! ሌላው ወር 30 ነው። በየአራት ዓመቱ ደግሞ 36 ይሆናል። አምስት ቀን ሙሉ በዚያ ጭቃ ዞራ ያስከተበቻቸውን ልጆች እኔ በእርሳስ ነው የሰረዝኳቸው።

«ጳጉሜን ወር አይደለችም እንዴ? ወይስ በጳጉሜን የተወለደ ሰው አይደለም?» ስትል ቤቱ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ቀጥላ ያለችው ነገር ነው እስከ ዛሬ አብሮኝ ያለ፦ «ቁጥሬን ስልክልህ አንድ ቀን መልሰህ አሳይተኸኝ ታውቃለህ? ብታሳየኝ እኮ እነግርህ ነበር።»

አንዲት ቃል አልመለስኩም። ምን እላለሁ? ከዚያ ቀን በኋላ ነው ሥርዓቱን ራሱን ማጥናት የጀመርኩት፤ ወደ መረጃ ሙያ የዞርኩትም በዚሁ ነው።

ፍላሽ ይዞ ወደ አሰላ

በዚያው ዘመን ቅጹ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነበር። ችግሩ ወደ አንድ ኮምፒውተር አለመግባቱ ነው። የተለያዩ አጋር ድርጅቶች የተለያየ ሶፍትዌር ሠርተው በተለያየ ክልል ተከሉ፤ የአንዱን ለሌላው ማንበብ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ወረቀቱን አንድ አድርገን ስናበቃ ኮምፒውተሩ መልሶ ለያየን ማለት ነው። ከእኛ ወረዳ መረጃው የሚሄደው በፍላሽ ነበር። መብራት ባለበት ቀን ይገለበጣል፣ በሚኒባስ አሰላ ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜም ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። የስንታችሁ ወጣትነት በዚያ ሚኒባስ ውስጥ አለፈ!

በ2008 ዓ.ም. ሚኒስቴሩ በአምስት ዓመቱ የጤና ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን እቅድ ውስጥ «የመረጃ አብዮት» የሚል አጀንዳ አወጣ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የየክልሉን ሶፍትዌር ትቶ «ዲኤችአይኤስ 2» የተባለውን በአገር ደረጃ ዘረጋ። ይህ ሥርዓት የራሱ ታሪክ አለው። ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ ስትወጣ በዘርና በአካባቢ የተከፋፈሉ 14 የጤና መሥሪያ ቤቶች ወርሳ ነበር። ሁሉም የየራሱ ቅጽ ነበረው። የኬፕታውን ተመራማሪዎች ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው እነዚያን ወደ አንድ ለማምጣት የጀመሩት ሥራ ነው አድጎ ዛሬ ከ70 በላይ አገሮች በነፃ የሚጠቀሙበት የሆነው። የኦስሎ ሰዎች ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው የዚህኑ ሥርዓት ታላቅ ወንድም በ1990ዎቹ አጋማሽ በአገራችን ሞክረውት ነበር። ያን ጊዜ አልያዘም፤ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በሌላ በር ገባ። ለእኔ ትልቁ ነገር የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ማወቁ ነው። ጳጉሜን በኮምፒውተሩ ዘንድም ቦታ አገኘች።

አሰላ በስንት ፊደል ይጻፋል?

ዲኤችአይኤስ 2 በእኛ ዘንድ በዋናነት የሚይዘው ድምሩን እንጂ ሰውዬውን አይደለም። ካርድ ክፍሉ፣ ላቦራቶሪው፣ መድኃኒት ቤቱ፣ የኬላዋ ታብሌት ሁሉም የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። እነዚህ እርስ በርስ ካልተግባቡ የድሮው ሦስት መዝገብ በኤሌክትሪክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ሚኒስቴሩ «የኢ-ሔልዝ አርክቴክቸር» ብሎ ያወጣው እቅድ ለዚህ ነው። ቃሉ ያስፈራል እንጂ ነገሩ የቤት ፕላን ነው። ሁሉንም ክፍል አንድ ሰው አይሠራውም፤ ግን በሩ የት እንደሚሆን፣ መስመሩ በየት እንደሚያልፍ አስቀድሞ ይሳላል። ከታች አገልግሎት መስጫው፣ ከላይ የድምር ሪፖርቱ፣ መሀል ላይ ደግሞ ሁሉም የሚጋራቸው ዝርዝሮችና መልእክት የሚለዋወጡበት መንገድ አለ።

ሀብቱ ያለው መሀል ላይ ነው። አንደኛው የጤና ተቋማት ማውጫ ነው። የከተማችን ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ በሁለት ኤስ፣ አንዱ በአንድ ኤስ፣ ሌላው በሁለት ኤል ይጽፈዋል። ኢተያም፣ ሳጉሬም፣ ሁሩታም እንደ ጸሐፊው ነው። ለሰው አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ከተሞች ናቸው። በዚያ ላይ አስተዳደሩ ይለወጣል። ኮፈሌ ድሮ በአርሲ ይቆጠር ነበር፣ ዛሬ ምዕራብ አርሲ ውስጥ ነው። የአርሲን የሃያ ዓመት ግራፍ የሚሠራ ተማሪ ይህን ካላወቀ፣ አንድ ዓመት ላይ ሕዝቡ በድንገት የጠፋ ይመስለዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተቋም ስሙ ቢለወጥ፣ ወረዳው ቢለወጥ የማይለወጥ አንድ መለያ ቁጥር ተሰጠ። ሁለተኛው የመረጃ መዝገበ ቃላቱ ነው፤ «ሙሉ ክትባት ያገኘ ልጅ» ሲባል ለሁሉም አንድ ትርጉም እንዲኖረው። ሦስተኛው የበሽታዎች ብሔራዊ አመዳደብ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎችም ገብተውበታል። ሚኒስቴሩ በመጀመሪያ ለአቅም ግንባታና ለድጋፍ የመረጣቸው ስድስቱ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐሮማያና መቀሌ ነበሩ። የእኛ ግቢ ስም አለመኖሩ ትንሽ ቅር ቢለኝም፣ ማስተማሪያ ሆስፒታል ያለው፣ ዙሪያውን የደጋ ወረዳ የከበበው ዩኒቨርሲቲ ሳይጠራም ሊሠራው የሚችለው ሥራ ሞልቷል።

ምን ቀረን?

እውነቱን እንነጋገር። ቅጹ አሁንም እያበጠ ነው፤ በየክለሳው አመላካቹ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ታብሌት የተሰጣት ባለሙያ ብዙ ቦታ ወረቀቱንም አብራ ትሞላለች። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ የምትወጣም አለች። የሰው ስምና በሽታ በአንድ ላይ በኮምፒውተር ሲከማች ደግሞ አዲስ ኃላፊነት ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የካርድ ክፍልን በር ሳይቀር የሚመለከት ነው፤ ስንቶቻችን አንብበነዋል?

ከሁሉ በላይ ግን የሴትየዋ ጥያቄ አልተመለሰም። የሳልነው መስመር ሁሉ ወደ ላይ የሚወስድ ነው፤ ከኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከክልል ወደ አዲስ አበባ። ወደ ታች የሚመልሰው መስመር በፕላኑ ላይ አለ፣ በተግባር ግን ቀጭን ነው። መረጃ ጥራት የምንለው 12 የመረጃ ዓይነት መርጦ ሪፖርቱን ከመዝገቡ ማመሳከር ነው። ጥሩ ነው፣ ይሁን። ግን ያንን ቁጥር የጻፈችው ሴት ግራፉን አይታው «ይሄማ ልክ አይደለም» ማለት ካልቻለች፣ ማመሳከሩ ብቻውን እኔን አያስቆመኝም ነበር። የኩንታሉ ቁጥር የጭሰኛውን ነገር ሳይናገር እንደቀረ፣ እኛም የጳጉሜንን ልጆች ሳንሰማ እንቀር ነበር።

ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ተማሪዎች ለማኅበረሰብ ልምምድ ወደ ጢዮ፣ ወደ ሄጦሳ፣ ወደ ድገሉና ጢጆ ሲወጡ መጠይቅ ይዘው ብቻ አይሂዱ። የዚያን ቀበሌ የዓመት ቁጥር በአንድ ገጽ ግራፍ፣ ሰው በሚያነበው ቋንቋ ይዘው ሄደው ኬላው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት፤ ከዚያ ቁጭ ብለው ባለሙያዋ የምትለውን ይስሙ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ተማሪው በአንድ ቀን የሚማረው ደግሞ እኔን ሁለት ዓመት የፈጀብኝን ነው።

በወረዳ፣ በዞን፣ በሚኒስቴር ወንበር ላይ ላላችሁ የግቢ ወንድሞቼና እህቶቼ ደግሞ አንድ አደራ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ከደጋ የመጣ ቁጥር ከፍ ብሎ ስታዩት፣ እርሳስ ከማንሣታችሁ በፊት ቀኖቹን ቁጠሩ። ከዚያም ስልክ ደውሉ።

መልካም የመሰባሰቢያ በዓል!